ደመወዙን ትቶ የሄደው መምህር፦ የቅዱስ አውግስጢኖስ ሕይወት

 

ባለፈው ሰሞን ከጉባኤ በኋላ በመካከላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከወንድሞቻችን አንዱ ጥሩ ደመወዝ የሚያገኝበትን፣ ነገር ግን እንቅልፍ የነሣውንና ጤናውን የጎዳውን ሥራ ለቆ በአነስተኛ ደመወዝ ሌላ ሥራ ሊይዝ እንዳሰበ ነገረን። ገሚሶቻችን ደግ አስበሃል አልነው። ገሚሶቻችን ደግሞ የእናቱን የቤት ኪራይና የታናናሾቹን የትምህርት ወጪ እያነሣን፣ ይህ ስንፍና ነው፣ ፈተናን መሸሽ ነው ብለን ተቆጣነው። ነገሩ ሳይቋጭ መሸብንና ተለያየን።

ስለዚህ ለዚህ እትም ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በተጠየቅን ጊዜ፣ ይኸው ጥያቄ ከእኛ ብዙ ዘመን አስቀድሞ የገጠመውን የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ለማቅረብ ወሰንን። ይህም ሰው አውግስጢኖስ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ስለ ንስሐው፣ ስለ እናቱ እንባና ስለ ጻፋቸው መጻሕፍት ሲነገር ነው። በደመወዝ የተቀጠረ፣ በሥራው የተጨነቀና የታመመ መምህር እንደ ነበረ ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልደቱና ትምህርቱ

አውግስጢኖስ በኖቬምበር 13 ቀን 354 በሰሜን አፍሪካ ታጋስቴ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቦታው ዛሬ በአልጄሪያ ውስጥ ሱቅ አህራስ ተብሎ ይጠራል። በዚያ ዘመን አገሩ በሮማ መንግሥት ሥር ነበር። አባቱ ፓትሪክዮስ መጠነኛ መሬት ያለውና ከከተማው ምክር ቤት አባላት አንዱ ሲሆን፣ ክርስትናን የተቀበለው በዕድሜው መጨረሻ ላይ ነው። እናቱ ሞኒካ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ በእምነት ያደገች ሴት ነበረች።

ቤተሰቡ ባለጠጋ አልነበረም። ልጁ ጎበዝ መሆኑ በታወቀ ጊዜ አባቱ ከአቅሙ በላይ እየተጣጣረ ያስተምረው ጀመር። ሆኖም ገንዘብ ስላጠረ አውግስጢኖስ በ16 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ አንድ ዓመት ያህል ቤት ለመዋል ተገደደ። ከዚያም አባቱ እንደ ምንም አጠራቅሞ፣ ሮማንያኖስ የተባለ የአገሩ ሰው ባለጠጋም እየረዳው፣ ወደ ታላቂቱ ከተማ ወደ ካርቴጅ ሄደ። አባቱ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እንግዲህ አውግስጢኖስ ቤተሰቡ ጥሪቱን አሟጥጦ ያስተማረው፣ የብዙ ሰው ተስፋ የተጣለበት ልጅ ነበር ማለት ነው። ይህን የምናነሣው በኋላ ሥራውን ሲለቅ ምን ያህል ሸክም በጫንቃው ላይ እንደ ነበረ እንድናስተውል ነው።

በካርቴጅ ሳለ ያለ ጋብቻ ከአንዲት ሴት ጋር መኖር ጀመረ። ከእርስዋም አዴዎዳቶስ የተባለ ልጅ ወለደ፤ ትርጓሜውም እግዚአብሔር የሰጠው ማለት ነው። በ19 ዓመቱ የሮማዊውን ሊቅ የቺቼሮን አንድ መጽሐፍ አንብቦ የጥበብ ፍቅር በልቡ ተቀጣጠለ። ነገር ግን ጥበብን ፍለጋ ማኒ በተባለ ሰው ትምህርት የሚመሩትን መናፍቃን ተከትሎ ዘጠኝ ዓመት ያህል ባዘነ። እናቱ ይህን ሁሉ ዘመን በጸሎትና በእንባ አሳለፈች።

የመምህርነት ሥራው

አውግስጢኖስ የተማረው የንግግር ጥበብ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ትምህርት ለጠበቃነት፣ ለዳኝነትና ለሹመት የሚያበቃ ትልቅ ሙያ ነበር። በመጀመሪያ በትውልድ ከተማው፣ ቀጥሎም በካርቴጅ አስተማረ። በካርቴጅ ግን የተማሪዎቹ ሥርዓት ማጣት አስመረረው። ጎረምሶች የእነርሱ መምህር ወዳልሆነ ሰው ክፍል ሳይቀር ዘው ብለው እየገቡ ትምህርቱን ይበጠብጡ ነበር።

በሮማ ያሉ ተማሪዎች ጭምቶች ናቸው ሲባል ሰምቶ በ383 ባሕር ተሻግሮ ወደዚያ ሄደ። እናቱ ልትከተለው በፈለገች ጊዜ ወዳጄን ልሸኝ ነው ብሎ አታልሎአት በሌሊት በመርከብ ሄደ። ሮማ እንደ ደረሰ በጽኑ ታመመ። ድኖ ማስተማር ሲጀምር ደግሞ ሌላ ችግር አገኘው። የሮማ ተማሪዎች በክፍል አይበጠብጡም፤ ነገር ግን ክፍያ የሚሰጡበት ቀን ሲደርስ ተመካክረው በአንድ ጊዜ ወደ ሌላ መምህር ይዛወራሉ። እንደዚህ አድርገው መምህራቸውን ያስቀሩታል።

በዚህ መካከል የሚላኖ ከተማ የንግግር ጥበብ መምህር እንዲላክለት የሮማን ገዥ ሲማኮስን ጠየቀ። የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት በዚያን ጊዜ በሚላኖ ነበር። አውግስጢኖስ ወዳጆቹ ረድተውት፣ በሲማኮስ ፊት ንግግር አቅርቦ ተፈተነና ተመረጠ። በ384፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ የጉዞው ወጪ በመንግሥት ተችሎ ሚላኖ ገባ። ደመወዙ ከሕዝብ ገንዘብ የሚከፈል፣ ተማሪዎቹ የታላላቅ ሰዎች ልጆች የሆኑ፣ ከቤተ መንግሥት ደጅ የሚያደርስ ሥራ ነበር። ከአንዲት ትንሽ የአፍሪካ ከተማ ለተነሣ ሰው ከዚህ የበለጠ ዕድል አይታሰብም። እናቱም በኋላ ተከትላው መጣች።

ጭንቀቱ

ሰው ሁሉ የተመኘው ያ ወንበር ግን ለተቀመጠበት ሰው የእሾህ ወንበር ሆነበት። ራሱ በኑዛዜ መጽሐፉ እንደ ተረከው፣ ጠዋቱ በሙሉ ለተማሪዎቹ የተሸጠ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሹመት እንዲያገኝ የሚረዱትን ታላላቅ ሰዎች ደጅ ይጠናል፤ ለነገ የሚሸጠውን ትምህርት ያዘጋጃል። የልቡን ጥያቄ የሚመረምርበት፣ መጽሐፍ የሚያነብበት፣ አእምሮውን የሚያሳርፍበት ጊዜ ከየት ያምጣ?

ከማስተማሩ ሌላ በታላላቅ በዓላት የውዳሴ ንግግር ማቅረብ ግዴታው ነበር። በ385 የመጀመሪያ ቀን ባውቶ የተባለው መኰንን ቆንስል ሆኖ ሲሾም ያወደሰው እርሱ ነው። ገና ልጅ የነበረውን ንጉሠ ነገሥትም እንዲያወድስ ታዘዘ። ውሸት የበዛበት ንግግር እንደሚያቀርብ ያውቃል፤ ውሸት መሆኑን የሚያውቁት አድማጮችም እንደሚያጨበጭቡለት ያውቃል። ይህን እያሰበ ልቡ በጭንቀት ሲቃጠል ከወዳጆቹ ጋር በሚላኖ አንዲት መንገድ ያልፋል። በዚያም አንድ ምስኪን ለማኝ ጠግቦና ጠጥቶ ሲሳሳቅና ሲጫወት አየ። አውግስጢኖስ ቆም ብሎ ለወዳጆቹ በሐዘን ተናገረ። ይህ ሰው በጥቂት ሳንቲም ያገኘውን ደስታ እኛ በዚህ ሁሉ ልፋት ልናገኘው አልቻልንም ማለቱ ነበር። የለማኙ ደስታ እውነተኛ ደስታ እንዳልሆነ ያውቃል። ነገር ግን የእርሱ ክብር ደግሞ ከዚያ የባሰ ከንቱ መሆኑን፣ ለማኙ በዚያች ሌሊት ስካሩ እንደሚበርድለት፣ እርሱ ግን ከስካሩ ጋር ተኝቶ ከስካሩ ጋር እንደሚነሣ ተረዳ።

ይህን እያወቀ ወዲያው አልተወውም። የሹመት ተስፋ ይዞት ነበር። ወዳጆቹ ቢበረቱለት አንድ ክፍለ ሀገር የማስተዳደር ሹመት አገኛለሁ፣ ወጪ እንዳይከብደኝም ገንዘብ ያላት ሚስት አገባለሁ ብሎ ያስብ ነበር። ለዚሁ ዕድገት ሲባል አንዲት ልጅ ታጨችለት። ከአሥር ዓመት በላይ አብራው የኖረችው የልጁ እናት ለጋብቻው እንቅፋት ናት ተብላ ወደ አፍሪካ ተመለሰች። ሌላ ወንድ ላታውቅ ተስላ፣ ልጅዋን ለአባቱ ትታ ሄደች። ስሟን እንኳ አውግስጢኖስ አልጻፈልንም። የእርስዋ መለየት ልቡን እንዳቆሰለውና ቁስሉ እንደ መገለ ግን ሳይደብቅ ጽፎአል። የታጨችው ልጅ ለጋብቻ ዕድሜዋ ስላልደረሰ ሁለት ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረበት፤ እርሱም መታገሥ አቅቶት ሌላ ሴት ያዘ። ወገኖቻችን፣ አንድ ሥራ ምን ያህል እንደሚከፍለን ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንደሚያስከፍለንም ማስላት ያስፈልጋል የምንለው እዚህ ላይ ነው። ያች ሴት የተከፈለችው ለአንድ ሰው የሹመት ተስፋ ነበር።

ዕረፍትን በሌላ መንገድ ለማግኘትም ሞክሮ ነበር። አሥር የሚያህሉ ወዳጆች ገንዘባቸውን በአንድ ላይ አድርገው፣ ከግርግር ርቀው ለመኖር ተመካከሩ። በየዓመቱ ሁለት ሰዎች የቤቱን ወጪ እንዲያስተዳድሩ ሌሎቹ ግን በጥናት ብቻ እንዲቆዩ ታስቦ ነበር። ከእነርሱ መካከል ከሁሉ ባለጠጋ የነበረው ሮማንያኖስ ነገሩን አጥብቆ ደገፈው። ይሁን እንጂ ሚስቶቻችን ይህን ይፈቅዱ ይሆን? የሚለው ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ዕቅዱ በእጃቸው ላይ ፈረሰ።

ሁሉም የሚላኖ ሰው ግን እንደዚያ አልነበረም። ነብሪድዮስ የተባለው ወዳጁ በትምህርቱ ከፍ ያለ ቦታ ማግኘት ሲችል፣ ቬሬኩንዶስ በተባለ የሰዋስው መምህር ሥር ረዳት ሆኖ መሥራትን መረጠ። ይህንም ያደረገው ወዳጁን ለመርዳትና ለማንበብ ጊዜ ለማትረፍ ነው። በታላላቅ ሰዎች ዘንድ ላለመታወቅም ይጠነቀቅ ነበር። የሚላኖው ጳጳስ አምብሮስዮስም ቢሆን ጳጳስ ከመሆኑ አስቀድሞ የክፍለ ሀገሩ ገዥ ነበረ። አውግስጢኖስ በየእሑዱ ስብከቱን እየሰማ ስለ እግዚአብሔርና ስለ መጻሕፍት የነበረው ጥርጣሬ ቀስ በቀስ ተፈታለት። አእምሮው አመነ፤ ሕይወቱ ግን ገና ታስሮ ነበር።

ከቤተ መንግሥት የመጣው እንግዳ

በ386 በጋ አንድ ቀን ጶንጢቅያኖስ የተባለ አፍሪካዊ የቤተ መንግሥት ሹም አውግስጢኖስንና ወዳጁን አሊጵዮስን ሊጠይቃቸው መጣ። ጠረጴዛው ላይ የሐዋርያው ጳውሎስን መልእክት አግኝቶ ተደሰተ። ወሬውም በግብፅ በረሃ ወደ ኖረው ወደ ቅዱስ እንጦንስ አመራ። የእንጦንስን ሕይወት የጻፈው ለአገራችን አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የሾመልን የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው። ጶንጢቅያኖስ ስለ እንጦንስ ሲተርክ አውግስጢኖስና አሊጵዮስ ከዚያ በፊት ሰምተውት ስለማያውቁ እጅግ ተደነቁ።

ቀጥሎም ስለ ሁለት ባልንጀሮቹ ነገራቸው። እነዚህ ሰዎች በትሪየር ከተማ የንጉሠ ነገሥቱ አገልጋዮች ነበሩ። አንድ ቀን ንጉሡ የፈረስ ግልቢያ ሲመለከት ሳለ እነርሱ በአትክልት ስፍራ ሲንሸራሸሩ የመነኮሳት ጎጆ አገኙ። እዚያም የእንጦንስ ገድል ነበር። አንዱ አንሥቶ ሲያነብ ልቡ ተነካ። በዚህ ሁሉ ድካማችን ብንበረታ የምንደርሰው የንጉሥ ወዳጅ ከመሆን አያልፍም፣ እርሱም በአደጋ የተከበበ ነው፣ ለዚያውም መቼ እንደምንደርስ አናውቅም ብሎ ለባልንጀራው ነገረው። ሁለቱም በዚያው ሥራቸውን ተዉ። እጮኞቻቸውም ይህን ሲሰሙ ሕይወታቸውን ለእግዚአብሔር ሰጡ።

እንግዳው ተሰናብቶ ሲሄድ አውግስጢኖስ ሰላም አጣ። ወደ ቤቱ አትክልት ስፍራ ወጥቶ ከራሱ ጋር ታገለ፤ በበለስ ዛፍ ሥር ወድቆ አለቀሰ። በዚያን ጊዜ ከጎረቤት የሕፃን ድምፅ አንሥቶ እንዲያነብ ደጋግሞ ሲያዜም ሰማ። የጳውሎስን መልእክት ገለጠ። ዓይኑ ያረፈው ወደ ሮሜ ሰዎች በተጻፈው መልእክት በምዕራፍ 13 ላይ፣ ስካርንና ዝሙትን ትቶ ክርስቶስን ስለ መልበስ በሚናገረው ቃል ነበር። ከዚያ በላይ ማንበብ አላስፈለገውም። ገብቶ ለእናቱ ነገራት፤ እርስዋም በደስታ እግዚአብሔርን አመሰገነች። ጋብቻውም፣ የሹመቱም ተስፋ በዚያች ቀን ቀረ።

እንዴት አድርጎ ለቀቀ?

እዚህ ላይ በተለይ ልብ እንድንል የምንፈልገው ነገር አለ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው፣ አውግስጢኖስ ገመዱን በድንገት በጥሶ በራሱ ላይ አላሳጠረም። በዚያ በጋ ከማስተማር ብዛት ሳንባው ታምሞ ነበር። ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደረቱን ያመዋል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ብዙ መናገር አይችልም። በንግግር ለሚኖር ሰው ይህ ከባድ ነገር ነው። በመጀመሪያ ነገሩ አስደንግጦት ነበር፤ ልቡ ከቆረጠ በኋላ ግን ለልጆቻቸው ሲሉ እንዳይሄድባቸው ለሚሹ ወላጆች የሚያቀርበው እውነተኛ ምክንያት በማግኘቱ ደስ አለው።

ትምህርት ቤቱ ለወይን ለቀማ ዕረፍት ሊዘጋ ሃያ ቀን ያህል ቀርቶት ነበር። በአደባባይ ጥሎ ቢወጣ ሰው ሁሉ ታላቅ ለመባል ነው ያደረገው ብሎ ያወራ ነበር። ስለዚህ በትዕግሥት እስከ ዕረፍቱ አስተማረ። እነዚያ ሃያ ቀናት እንደ ከበዱት ጽፎአል። ቀድሞ ድካሙን ያስችለው የነበረው የገንዘብ ፍላጎት ጠፍቶ ስለ ነበር፣ የቀረው ሸክሙ ብቻ ነበረ። በወንበሩ አንድ ሰዓት እንኳ መቆየቱ ኃጢአት ሊሆን እንደሚችል የሚናገሩ ቢኖሩ እንደማይከራከራቸውም ገልጿል። ዕረፍቱ ካበቃ በኋላ ሌላ የቃል ሻጭ እንዲፈልጉ ለሚላኖ ሰዎች አስታወቀ። ምክንያቱንም ሁለት አድርጎ አቀረበ፤ አንዱ እግዚአብሔርን ለማገልገል መምረጡ፣ ሁለተኛው የደረቱ ሕመም ነው።

ደመወዙ ሲቋረጥ ማን አበላው? እናቱ፣ ልጁ፣ ወንድሙና ሁለት ዘመዶቹ አብረውት ነበሩ። ቀደም ብለን የጠቀስነው ቬሬኩንዶስ በገጠር ካሲቺያኩም በሚባል ስፍራ የነበረውን ቤቱን ሰጣቸው። ይህ ሰው ገና ክርስቲያን አልሆነም ነበር፤ ወዳጆቹ ከእርሱ ሊለዩ መሆናቸውም አሳዝኖታል። ሆኖም ቤቱን አልከለከላቸውም። አውግስጢኖስም የዚህን ሰው ውለታ ዕድሜ ልኩን አልረሳም። ቬሬኩንዶስ በኋላ ታምሞ ክርስትናን ተቀብሎ ሞተ።

በዚያ ቤት ሥራ ፈት ሆነው አልተቀመጡም። አውግስጢኖስ ከሮማንያኖስ ልጅና ከሌላ አንድ ወጣት ጋር ቅኔ ያነባል፣ ያስተምራቸዋል፤ የእርሻውን ሥራ ይቆጣጠራል፤ ደብዳቤ ይጽፋል፤ በሌሊት ነቅቶ ያስባል። እናቱ ሞኒካ ለሁሉም እንደ እናት ትንከባከባቸው ነበር። በልደቱ ቀን ቀለል ያለ ምሳ ከበሉ በኋላ ሰው ደስተኛ የሚሆነው በምንድን ነው? የሚል ውይይት ተጀምሮ ሦስት ቀን ቆየ። የፈለገውን ያገኘ ሰው ሁሉ ደስተኛ ነውን? ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፣ መልካሙን ነገር ከፈለገ አዎን፣ ክፉውን ከፈለገ ግን ቢያገኘውም ምስኪን ነው ብላ የመለሰችው ሞኒካ ናት። ሊጠፋ የሚችል ነገር ያለው ሰው እንዳይጠፋበት ሲፈራ ይኖራል። ስለዚህ እግዚአብሔርን ያገኘ እርሱ ደስተኛ ነው ወደሚል መደምደሚያ ደረሱ።

ጭንቀቱ በአንድ ቀን ጠፋ ማለታችን አይደለም። በዚያው ወራት መናገር እስኪያቅተው ድረስ ጥርሱን ታመመ። ጸልዩልኝ ብሎ በሰም ጽላት ላይ ጽፎ ለወዳጆቹ ሰጣቸው፤ ተንበርክከው ሲጸልዩም ሕመሙ ለቀቀው።

ድህነትና ሌላ ድካም

በ387 በትንሣኤ ሌሊት አውግስጢኖስ፣ አሊጵዮስና አዴዎዳቶስ በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቁ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሞኒካ በሮማ ወደብ በኦስትያ በ56 ዓመቷ ዐረፈች። በ388 አውግስጢኖስ አፍሪካ ገባ። በታጋስቴ ከአባቱ የወረሰውን መሬት ትቶ ከወዳጆቹ ጋር በጾም፣ በጸሎትና በጥናት ሦስት ዓመት ያህል ኖረ። ልጁ አዴዎዳቶስም ገና በአፍላ ወጣትነቱ በዚህ ጊዜ ሞተ።

ጸጥ ያለ ኑሮ አገኘሁ ሲል ግን ሌላ ነገር መጣ። በ391 ስለ ነፍሱ ጉዳይ አንድ ሰው ለማነጋገር ሂፖ ወደምትባል የወደብ ከተማ ሄደ። ከተማዋ ዛሬ አናባ ትባላለች፤ በአልጄሪያ ትገኛለች። አረጋዊው ጳጳስ ቫሌርዮስ ካህን እንደሚያስፈልገው ለሕዝቡ ሲናገር፣ ሕዝቡ አውግስጢኖስን ይዘው እያለቀሰ ለክህነት አቀረቡት። ለቅሶውን ያዩ አንዳንዶች ጳጳስ ባለመሆኑ የተከፋ መስሎአቸው ያጽናኑት ነበር። እርሱ ግን ያለቀሰው የሚመጣውን ሸክም አይቶ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጳጳስ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ የነበረው ሥራ ከሚላኖው ወንበር ይበልጥ የከበደ ነበር ብንል አልተሳሳትንም። ይሰብካል፣ ከመናፍቃን ጋር ይከራከራል፣ መጻሕፍት ይጽፋል፣ ለድሆች ይለምናል። ሰዎች የመሬትና የገንዘብ ክርክራቸውን ይዘው ወደ ጳጳሱ ስለሚመጡ፣ እስከ ምሳ ሰዓት፣ አንዳንዴም ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ይዳኛቸው ነበር። ሕይወቱን የጻፈልን ወዳጁ ፖሲድዮስ እንደሚነግረን፣ ከካህናቱ ጋር በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ፣ ሁሉን በጋራ አድርጎ ኖረ። ከማንኪያዎቹ በቀር የማዕዱ ዕቃ ከሸክላ፣ ከእንጨትና ከእብነ በረድ የተሠራ ነበር። ምርኮኞችን ለማስለቀቅና ድሆችን ለመርዳት የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳትን እስከ ማቅለጥ ደርሶአል። የከበረ ልብስ ሲሰጡት ሌሎቹ ካህናት የማይለብሱት ከሆነ ሸጦ ገንዘቡን ለድሆች ያውለው ነበር።

በሥራ ብዛት መታከቱም አልቀረለትም። በሳምንት አምስት ቀን ለመጻሕፍት ጥናት እንዲተዉለት ሕዝቡን ለምኖ ቃል ገብተውለት ነበር፤ ነገር ግን አልጠበቁለትም። በ426፣ ዕድሜው 71 ሲሆን፣ ኤራቅሊዮስ የተባለውን ካህን በሕዝቡ ፊት ተተኪው አድርጎ አስታወቀና የክርክሩን ጉዳይ አሳለፈለት። ታላቅ ሰው ሆኖ ሳለ ሸክሙን ለሌላ ማካፈልን እንደ ነውር አልቆጠረውም።

በ429 ቫንዳሎች ወደ አፍሪካ ገቡ። በ430 ሂፖን ከበቡ። ከበባው በሦስተኛ ወሩ ሳለ አውግስጢኖስ በንዳድ ታመመ። የንስሐ መዝሙራትን አስጽፎ በግድግዳው ላይ አሰቀለና በአልጋው ላይ ሆኖ እያነበበ ያለቅስ ነበር። በኦገስት 28 ቀን 430 በ75 ዓመቱ ዐረፈ። የሚወረስ ገንዘብ ስላልነበረው የውርስ ወረቀት አልተወም። መጻሕፍቱ እንዲጠበቁ ብቻ አዘዘ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ አውግስጢኖስ ድካምን አልሸሸም። ከሚላኖ ከወጣ በኋላ የሠራው ሥራ ቀድሞ ከሠራው እጅግ ይበዛል። የሸሸው ድምፁን ለማያምንበት ነገር መሸጥን ነው። ስለዚህ ከእኛ መካከል ሥራ ለመልቀቅ የሚያስብ ሁሉ፣ የከበደኝ ሥራው ነው ወይስ ሥራው ከእኔ የሚጠይቀው ውሸት? ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ድካም ብቻ ከሆነ ዕረፍትና ረዳት ይበቃው ይሆናል። ነፍሱን ወይም ጤናውን የሚያስከፍለው ከሆነ ግን ደመወዙ ምንም ያህል ቢሆን ትርፍ አይባልም።

ሁለተኛ፣ አለቃቀቁ በሥርዓት ነበር። ሕመሙን አልደበቀም፤ ተማሪዎቹን በመካከል አልጣለም፤ ምትክ እንዲፈለግ አስታወቀ። ቁጣ ሲነሣበት ወረቀቱን ወርውሮ የሚወጣ ሰው አውግስጢኖስን ምሳሌዬ ነው ሊል አይችልም።

ሦስተኛው ለእኛ ለመካሪዎቹ ነው። አውግስጢኖስ ደመወዙን ሊተው የቻለው ቤቱን የሰጠ ወዳጅ ስለ ነበረው ነው። ከደመወዝ የሚቀነሰውን ጉድለት ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሸከመዋል። ያ ሰው እናት ወይም ታናሽ እህት ከሆነች፣ አስቀድማ ልትጠየቅ ይገባል። ባለፈው ሰሞን ወንድማችንን ደግ አስበሃል ያልነውም፣ ሰነፍ ነህ ያልነውም ይህን አላሰብንም ነበር። ያመሰገንነው ምስጋናችን ምንም አላስወጣንም፤ የተቆጣነውም ደረቱን ስለሚያመው ሕመም አልጠየቅነውም።

ስለዚህ በሚመጣው እሑድ ከጉባኤ በኋላ ወንድማችንን ይዘን ወደ እናቱ ቤት ለመሄድ ተስማምተናል። የሚቀርበት ገንዘብ ስንት እንደሆነ ከእነርሱ ጋር ቁጭ ብለን እንቆጥራለን። ከመካከላችን ታናናሾቹን ያለ ክፍያ ለማስጠናት የተነሡ ሁለት አሉ። ሌሎቻችንም የቬሬኩንዶስ ዓይነት ቤት ባይኖረን የየአቅማችንን አናጣም። ውሳኔው የእርሱና የቤተሰቡ ነው። የትኛውንም ቢመርጥ ግን ብቻውን አይሆንም።

እግዚአብሔር አምላካችን የእጃችንን ሥራ ይባርክልን፤ ከሥራም በላይ ነፍሳችንን ይጠብቅልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።